የሆስፒታል ንባብ ክፍል ለታካሚና ለአስታማሚ እንዲመች

በቃሊቲም ሆነ በኮተቤ በኩል ባሉ ሆስፒታሎች ረጅም ሰዓት የሚጠብቀው ታካሚው ብቻ አይደለም፤ አስታማሚውም ነው። ንባብ ክፍሉ ባዶ የሚውለው ግን መጽሐፍ ስለጠፋ ሳይሆን ሰው «ተራዬ ያልፈኛል» ብሎ ስለሚሰጋ ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ከካርድ ክፍሉ ጋር ተስማሙ፤ ተራ ጠሪው ንባብ ክፍሉም በር ላይ ቆሞ ይጣራ። ይህ ሳይስተካከል ሌላው ድካም ከንቱ ነው።

በሩ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ይስፋ። መደርደሪያው ከ120 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ በዊልቸር የተቀመጠ ሰው ከዚያ በላይ አይደርስም። ክረምት ላይ እርጥበት እንዳይስብ ከግድግዳው 10፣ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ወንበሩ የክንድ ማሳረፊያ ይኑረው፤ ሆዱን ቀዶ ጥገና የተደረገ ሰው ያለ እሱ መነሣት ይከብደዋል።

አማርኛና አፋን ኦሮሞ እኩል ቦታ ይያዙ፤ ፊደላቸው ጎላ ያለ፣ ታሪካቸው አጭር ይሁን። ማንበብ ለማይችሉ የድምፅ ትረካ ከጆሮ ማዳመጫ ጋር አዘጋጁ። ያረጁ የሕክምና መጻሕፍትን አውጡ፤ ዛሬ የተለወጠ የድሮ የመድኃኒት መጠን ሰው ይጎዳል።

ሽፋኑን በፕላስቲክ ለብጡ፤ መጽሐፉ ሲመለስ 70 በመቶ አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረጉት። የውስጡ ወረቀት ግን ስለሚበላሽ አይጠረግም፤ በመሆኑም ወደ ለይቶ ማከሚያ የገባ መጽሐፍ እዚያው ይቅር።

መታወቂያ በመያዣነት አትጠይቁ፣ ሰው ይሸሻል። ስምና የአልጋ ቁጥር ይበቃል። ጥቂት መጻሕፍት መጥፋታቸው አይቀርም፤ ተቆልፎባቸው ከሚውሉ ግን ይሻላል።