የካሜራ መቅረጫ ሶፍትዌር ሲያስቸግር፦ ከሰዓቱ እስከ ፈቃዱ

ስምንት ካሜራ የተገጠመለት አንድ የመርካቶ መጋዘን መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ማግሥት ሦስቱ ካሜራዎች ከመቅረጫው ኮምፒውተር ጋር አልገናኝ አሉ። ሶፍትዌሩ የሚያወጣው መልእክት የተጠቃሚ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ስሕተት ነው የሚል ስለነበር የይለፍ ቃሉን ሁለት ጊዜ ቀየርነው፤ የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። በመጨረሻ የአንደኛውን ካሜራ ገጽ በብሮውዘር ከፍቼ ስመለከት በምስሉ ጥግ ላይ የተጻፈው ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ይላል።

ምክንያቱ ይህ ነው። የተለያዩ አምራቾች ካሜራዎችና ሶፍትዌሮች የሚግባቡበት ኦንቪፍ የተባለው ደንብ የይለፍ ቃሉን ብቻውን አይልክም፤ ጥያቄው ከተላከበት ቀንና ሰዓት ጋር አጣምሮ ይመሰጥረዋል። ካሜራው የራሱ ሰዓት ከኮምፒውተሩ እጅግ ከራቀ ጥያቄውን ጊዜው ያለፈበት አድርጎ ቆጥሮ ይመልሰዋል፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ግን የይለፍ ቃል ስሕተት የሚል ቃል ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የሚጠብቅበት ባትሪ የሌለው ወይም ባትሪው የሞተ ካሜራ ደግሞ ሲነሳ ወደ መነሻ ቀኑ ይመለሳል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት አካባቢ የምትሠሩ ሁሉ የይለፍ ቃል ከመቀየራችሁ፣ ሶፍትዌሩንም አጥፍታችሁ እንደገና ከመጫናችሁ በፊት ሰዓቱን እንድትመለከቱ አጥብቄ እመክራለሁ።

መፍትሔው ሰዓቱን በእጅ ማስተካከል አይደለም፤ መብራቱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ወደነበረበት ይመለሳልና። በእያንዳንዱ ካሜራ የጊዜ ማስተካከያ ገጽ ላይ ኤን.ቲ.ፒ የሚለውን አብርታችሁ ካሜራው ሰዓቱን ከአንድ ምንጭ በየጊዜው እንዲቀበል አድርጉ። ኢንተርኔት በማይታመንበት ቦታ ምንጩ የመቅረጫው ኮምፒውተር ራሱ ቢሆን ይሻላል፤ ዊንዶውስም ይህን አገልግሎት እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። በዊንዶውስ ዝርዝር ውስጥ ለኢትዮጵያ የሚስማማው የሰዓት ክልል ናይሮቢ የሚለው፣ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድመው ነው። የበጋ ሰዓት ለውጥ (ዴይላይት ሴቪንግ) የሚለውን፣ በአገራችን የማንጠቀምበትን ምርጫ አጥፉት። ኮምፒውተሩም ቢሆን በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲ.አር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ስትደክም ሰዓቱን ይስታልና፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ባትሪዋን ቀይሩ።

የእኛ አቆጣጠር የሚያመጣው ሌላ ችግር አለ። ቀረጻ ፍለጋ ላይ የሚገጥመኝ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ “ሶፍትዌሩ አልቀረጸም” የሚል ነው፤ ቀረጻው ግን አለ። ባለቤቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሆነውን ነገር የሚፈልገው 8 ሰዓት በሚለው ቦታ ላይ ነው፤ ሶፍትዌሩ ያስቀመጠው ግን 02:00 በሚለው ነው። በዚህ ላይ የፈረንጁ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ሲለወጥ በእኛ ልማድ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ጥር 11 ቀን 2017 ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተፈጸመ የተባለን ስርቆት የሚፈልግ ሰው፣ ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ቀን 2025 ቢሆንም፣ መክፈት ያለበት የጃንዋሪ 20ን ቀረጻ ነው። ለፖሊስ ቅጂ ስታዘጋጁ ሁለቱንም አቆጣጠሮች በወረቀት ጽፋችሁ ከፍላሹ ጋር አያይዙት። የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ደግሞ ከባድ ጉዳት ያመጣል፦ በ2017 ተመዝግቦ የተቀረጸው ሁሉ ቀኑ ሲስተካከል የስምንት ዓመት አሮጌ ይመስላል፤ ሶፍትዌሩም ቦታ ለማስለቀቅ መጀመሪያ የሚያጠፋው እርሱን ነው።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ምስል ከሌለ ወደ ገመዱ ሂዱ። ከኮምፒውተሩ ወደ ካሜራው አይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ ወዳለው መለያ ቁጥሩ፣ ፒንግ አድርጉ፤ ፒንግ ካሜራው መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ትእዛዝ ነው። መልስ ከሌለ ችግሩ ከሶፍትዌሩ ውጭ ነው። ቀን ደህና ሆኖ ማታ ማታ የሚጠፋ ካሜራ ካጋጠማችሁ፣ ሲመሽ የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ሲበሩ የኃይል ፍላጎቱ ስለሚጨምር ኃይል የሚያደርስለት ገመድ ወይም ካሜራዎቹ የሚሰኩበት ስዊች አልቻለም ማለት ነው። ከ100 ሜትር በላይ የተዘረጋ ገመድና በመዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ገመድ እዚህ ላይ ያሳፍራሉ። ፒንጉ መልስ ከሰጠ ካሜራው ምስሉን በቀጥታ የሚያስተላልፍበትን የአር.ቲ.ኤስ.ፒ አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ በፖርት 554፣ ቪ.ኤል.ሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቱት። በቪ.ኤል.ሲ የሚታይ ምስል በሶፍትዌሩ ካልታየ፣ ያን ጊዜ ጥርጣሬያችሁ በሶፍትዌሩ ላይ ይሁን።

ምስሉ እየታየ የሚቆራረጥ ወይም ቀረጻው ከእንቅስቃሴው ዘግይቶ የሚጀምር ከሆነ የካሜራውን የምስል መጭመቂያ ተመልከቱ። ኤች.264 ፕላስ እና ኤች.265 ፕላስ የሚባሉት ቦታ ቆጣቢ ምርጫዎች በአምራቹ የራሱ መቅረጫ ላይ ጥሩ ናቸው፤ በሌላ ሶፍትዌር ላይ ግን በሙሉ ምስሎች (በየመሃሉ የሚላከው ለውጡ ብቻ ነው) መካከል ያለውን ርቀት ስለሚያራዝሙ ያውካሉ። አጥፏቸው፤ ካሜራው በሰከንድ 15 ፍሬም የሚልክ ከሆነም የአይ ፍሬም፣ ማለትም የሙሉ ምስል፣ ርቀቱን 15 አድርጉት። ኮምፒውተሩ ከተጨናነቀ በስክሪን ላይ ለማየት ካሜራው ጥራቱን ቀንሶ የሚልከውን ንዑስ ምስል፣ ለመቅረጽ ዋናውን መጠቀም ጫናውን በእጅጉ ያቀለዋል። የቀረጻ ማኅደሩንም ከጸረ ቫይረሱ ፍተሻ አውጡት። ኮምፒውተሩ መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካው እንዲነሳ በባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት በሚነሳው የኮምፒውተሩ ቅንብር፣ ውስጥ ማዘዝ፣ ሶፍትዌሩም ተጠቃሚ ሳይገባ እንዲጀምር እንደ ዊንዶውስ አገልግሎት ማስኬድ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ እስከ ጠዋት ቀረጻ አይኖርም።

የዲስኩን ነገር በስሌት ጨርሱት። በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ስምንት ካሜራ ያለማቋረጥ ሲቀርጽ በ2 ቴራባይት ዲስክ ላይ ስድስት ቀን እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ፈቃዱ፣ ማለትም ብዙዎች ላይሰንስ ወደሚሉት ነገር ልምጣ። ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃዱ የሚቆጠረው በምን እንደሆነ ጠይቁ። ብሉ አይሪስ የተባለው የዊንዶውስ መቅረጫ ሶፍትዌር በኮምፒውተር ይቆጥራል፤ አንድ ሙሉ ፈቃድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ እስከ 64 ካሜራ ያስተናግዳል። የሲኖሎጂ ሰርቬይላንስ ስቴሽን የሚቆጥረው በካሜራ ነው፤ አብዛኞቹ የሲኖሎጂ የመረጃ ማስቀመጫ ሳጥኖች ከሁለት ካሜራ ፈቃድ ጋር ይመጣሉ፣ ሦስተኛውን ስትጨምሩ መክፈል ትጀምራላችሁ። ዞንማይንደር ደግሞ ምንጩ ክፍት የሆነ፣ የፈቃድ ክፍያ የሌለው የሊኑክስ ሶፍትዌር ነው፤ ዋጋው ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ነው። አራት ካሜራ ላለው ሱቅ ርካሽ የሆነው ምርጫ ሃያ ካሜራ ለሚሆነው ሕንጻ ላይሆን ስለሚችል፣ ዛሬ ያለውን ብቻ ሳይሆን ወደፊት የሚጨመረውንም ቁጠሩ።

“ፈቃዱ አልቋል” የሚል ማሳሰቢያ ሲመጣ ያለቀው ምን እንደሆነ አንብቡ። በብሉ አይሪስ ከግዢው ጋር የሚመጣው አንድ ዓመት የማሻሻያና የድጋፍ ጊዜ ነው፤ እርሱ ሲያበቃ የተገዛው ሶፍትዌር መቅረጹን አያቆምም፣ የሚቀረው አዲስ እትም ማግኘት ነው። በድንጋጤ ሌላ ፈቃድ የገዛ ሰው አይቻለሁ። የድጋፍ ጊዜው ከማለቁ በፊት የወጣውን የመጨረሻ እትም የመጫኛ ፋይል በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ብልህነት ነው፤ ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ይበላሻልና።

ፈቃዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የታሰረ በመሆኑ ትልቁ ችግር የሚመጣው ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ ወይም ማዘርቦርዱ ሲቀየር ነው። ለሶፍትዌሩ አዲስ ማዘርቦርድ አዲስ ኮምፒውተር ነው። ስለዚህ ከፎርማት በፊት ፈቃዱን ከአሮጌው ላይ አላቁት፣ ቁልፉን በወረቀት ጻፉት፣ የካሜራዎቹን ቅንብር ወደ ውጭ ቅዱ። ማሽኑ ሞቶ ማላቀቅ ካልተቻለ ቁልፉንና ፈቃዱ የተመዘገበበትን ኢሜይል ይዛችሁ ሻጩን ኩባንያ መጠየቅ ይኖርባችኋል። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ማስጀመሩ እምቢ ካለ ደግሞ ኢንተርኔቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ቀኑን ተመልከቱ፤ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒውተር የኩባንያውን የደኅንነት ሰርተፊኬት ገና ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ስለሚቆጥረው ግንኙነቱን ይዘጋዋል።

በተሰበረ ቁልፍ (ክራክ በሚባለው) ያለ ክፍያ የሚሠራ ቅጂ እንዲጫንላችሁ አትፍቀዱ። የበራችሁን፣ የካዝናችሁንና የሠራተኞቻችሁን ምስል ቀንና ሌሊት የሚያይ ሶፍትዌር በማይታወቅ እጅ ተከፍቶ የተገጣጠመ ከሆነ፣ ምስሉን ሌላ ማን እንደሚያየው ማረጋገጫ የላችሁም።

ለባለቤቶች አንድ ነገር ልጨምር። አንድ የመድኃኒት መደብር ባለቤት ፈቃዱን በገንዘባቸው ገዝተው ሳለ የተመዘገበው በገጠመላቸው ቴክኒሽያን ኢሜይል ነበር። ቴክኒሽያኑ ከአገር ወጥቶ ስልኩም አልሠራ ሲል፣ ኮምፒውተሩ በተቃጠለ ጊዜ ፈቃዱ የእርሳቸው መሆኑን የሚያስረዱበት ነገር በእጃቸው አልነበረምና እንደ አዲስ ገዙ። ስለዚህ ቴክኒሽያኑ ሥራውን ሲያስረክብ ፈቃዱ በእናንተ ኢሜይል መመዝገቡን ፊት ለፊታችሁ ይክፈትና ያሳያችሁ፤ የክፍያውን ደረሰኝ፣ የፈቃዱን ቁልፍ፣ የእያንዳንዱን ካሜራ አይፒ አድራሻና የይለፍ ቃል በአንድ ወረቀት ጽፎ ይፈርም፤ ቀሪውን ሂሳብ የምትከፍሉትም ወረቀቱን ከተቀበላችሁ በኋላ ይሁን።