ሁለቱ 1954ዎች፦ የድሮ ቡድኖችን በዳይስ ማጋጠም

ድሬ ላይ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ከቤት የሚወጣ ሰው ወይ ታሟል ወይ እንግዳ ነው። እኛ በዚያ ሙቀት ሉዶ እንጫወት ነበር። አንድ ቀን አጎቴ፣ መርቅኖ፣ «የ54ቱ ብሔራዊ ቡድን እኮ ሀንጋሪንም ያሸንፍ ነበር» አለ። «አንተ ደግሞ! እስቲ እንየው» አልኩት። (ድሬ አንቱታ ብዙም አታውቅም፤ አዲስ አበቤዎች አትታዘቡን።) ሉዶው ተጠቀለለ፣ ዳይሶቹ ቀሩ፣ ሊጉ ተጀመረ።

የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ዳይስ፣ እስክሪብቶና የካርቶን ቁራጭ ነው። ዳይስ እኔ ከአሸዋ ገበያ ነው የገዛሁት። አንዱን ዳይስ በቀይ ኩቴክስ ቀቡት። ኩቴክሱን ስትወስዱ ግን አስፈቅዱ፤ እኔ ሳላስፈቅድ ወስጄ ከእህቴ ጋር ሁለት ቀን ተኳርፈናል።

ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ካርቶን ቆርጣችሁ ስንት እንደተጫወተ፣ ስንት እንዳገባና ስንት እንደገባበት ጻፉ። የዓመቱን አቆጣጠርም አትርሱ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የበላችው በ1954 ዓ.ም ነው። ሀንጋሪ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በምዕራብ ጀርመን 3 ለ 2 የተረታችውም በ1954 ነው፣ ግን በፈረንጆቹ። የአጎቴ ልጅ ካርዶቹን አምታቶ የሀንጋሪውን ኮከብ ፑሽካሽን ለኢትዮጵያ አሰልፎብናል። አጎቴ ቅር አላለውም።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። የመጀመሪያውን ዙር የተጫወትነው በደረቁ የጎል ቁጥር ነበር፤ ተበላሸ። ሀንጋሪ በ5 ጨዋታ 27 ጎል አግብታለች፤ ማንም አልቻላትም። ስፔን በፈረንጆቹ 2010 የዓለም ዋንጫውን ያነሳችው በ7 ጨዋታ 8 ጎል ብቻ አግብታ ነው፤ እኛ ጋ መጨረሻ ወጣች። ነገሩ ግን በ1954 ስዊዘርላንድ ላይ ያላገባ አልነበረም። ኦስትሪያ አዘጋጇን 7 ለ 5 ያሸነፈችበት ውድድር ነው! በ26 ጨዋታ 140 ጎል ተቆጥሯል። በ2010 ደግሞ በ64 ጨዋታ 145 ብቻ።

ስለዚህ ቡድኑን በራሱ ዘመን አካፍሉት። የ1954ቱን 140 ለ26 ስታካፍሉ በጨዋታ 5.4 ገደማ ይመጣል፤ ለአንድ ቡድን ግማሹ፣ 2.7 ነው። ሀንጋሪ በጨዋታ 5.4 አግብታለች፤ ለ2.7 ሲካፈል 2። ይህ የማጥቃት ቁጥሯ ነው። የገባባት 10 ነው፣ በጨዋታ 2፤ ለ2.7 ሲካፈል 0.74። ይህ የመከላከል ቁጥሯ፤ ሲያንስ ይሻላል። የ1970ዋ ብራዚል 19 አግብታ ነው በማጥቃት 2.13 ያገኘችው፣ ከሀንጋሪ በላይ። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ደግሜ ነው ያሰላሁት።

የኢትዮጵያ ካርድ ግን አጨቃጨቀን። ያኔ ውድድሩ አራት ጨዋታ ብቻ ነበር፣ በጠቅላላ 18 ጎል። የኛዎቹ ቱኒዚያንም ግብፅንም 4 ለ 2 አሸነፉ። ማጥቃት 1.78፣ መከላከል 0.89። በሁለት ጨዋታ! ሁለት ጥሩ ቀን ማንም ይገጥመዋል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቡድን ቁጥሩ 1 (ማለትም የዘመኑ አማካይ) የሆነ አራት ተራ ጨዋታ መጨመር ነው። ለኢትዮጵያ 1.78 ሲባዛ በ2፣ ሲደመር 4፣ ሲካፈል ለ6፤ 1.26 ይሆናል። ለሀንጋሪ 2 ሲባዛ በ5፣ ሲደመር 4፣ ሲካፈል ለ9፤ 1.56። መከላከሉንም እንደዚሁ ስታሰሉ ኢትዮጵያ 0.96፣ ሀንጋሪ 0.86 ይመጣል። አጎቴ «ታሪክ ትቀንሳለህ?» ብሎ ምሳ ላይ አላናገረኝም። እኔ አልተበገርኩም።

ጨዋታው ራሱ ቀላል ነው። የአንዱን ማጥቃት በሌላው መከላከል፣ ከዚያ በ3 አባዙና ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር አጠጋጉ። ሀንጋሪ 1.56 በ0.96 በ3፣ 4 ያህል። ኢትዮጵያ 1.26 በ0.86 በ3፣ 3 ያህል። 90ውን ደቂቃ በአምስት አምስት ክፈሉት፣ 18 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 18 ጊዜ ጣሉ። ቀዩ ዳይስ አሥር ቤት፣ ነጩ አንድ ቤት ነው። ቀይ 1፣ ነጭ 3 ከወጣ 13 ነው። ቁጥሩ 4 የሆነ ቡድን ከ11 እስከ 14 ሲወጣለት ያገባል፣ 3 የሆነው ከ11 እስከ 13። አንድ ጨዋታ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ተራ በተራ ጣሉ እንጂ የአንዱን 18 ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ ልብ ማንጠልጠሉ ይጠፋል።

ፍጻሜ ላይ አቻ ከሆነ ስድስት ስድስት ጊዜ ጨምሩ፤ 30 ደቂቃ ማለት ነው። የኛው የ1954ቱ ፍጻሜም ከግብፅ ጋር በ90 ደቂቃ 2 ለ 2 ነበር፤ ጭማሪው ላይ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት። እኛ ጋ ሁለቱ 1954ዎች 1 ለ 1 ሆነው ጭማሪ ገቡ። በአራተኛው ውርወራ የአጎቴ ቀይ ዳይስ 1 ሲል፣ ነጩ ተንከባሎ አልጋ ሥር ገባ። ተንበርክከን በስልክ መብራት ፈለግነው፤ 2 ነበር። እኔ «ከጠረጴዛ የወደቀ አይቆጠርም» አልኩ። ይህን ሕግ ከመጀመሩ በፊት ጻፉት፤ እኛ አልጻፍነውም፣ እስካሁን እየተከራከርን ነው።