ሳጥኑን ከማቆማችሁ በፊት፦ የፕላስቲክና የካርቶን መሰብሰቢያ ስትከፍቱ ተጠንቀቁ

የሰፈር ወጣቶች ተሰባስበው «ፕላስቲክና ካርቶን መሰብሰቢያ እንክፈት» ሲሉ ስሰማ ደስ ይለኛል። ቦርከና ደሴን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ ላይ የተጣለ ሃይላንድ ታች ያሉት ሰዎች ደጅ ይደርሳል። ሥራው ያስፈልገናል። ግን ደሴም ኮምቦልቻም ያየኋቸው ጀማሪዎች የሚሰናከሉት በእነዚሁ በሚከተሉት ስሕተቶች ነው።

ገዢ ሳይያዝ ሳጥን ማቆም

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሳጥኑ ይበየዳል፣ ቀለም ይቀባል፣ ባነር ይሰቀላል። ገዢ መፈለግ የሚጀመረው ሳጥኑ ሞልቶ መሬት ላይ መፍሰስ ሲጀምር ነው። እባካችሁ መጀመሪያ ገዢው ጋ ሂዱ። የትኛውን ፕላስቲክ ነው የምትወስዱት? ታጥቦ ነው ሳይታጠብ? ስንት ኪሎ ሲሞላ ትመጣላችሁ? የመኪናውን ማን ይከፍላል? ለእነዚህ መልስ ሳታገኙ አንድም ብር አታውጡ።

ሒሳቡን እዩት። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። አንድ ኪሎ እንዲሞላ ከ50 እስከ 100 ይፈልጋል። ሳይጨፈለቅ አይሱዙ ላይ ከጫናችሁት የምታጓጉዙት አየር ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ጭነቱ የነዳጁን እንኳ አይመልስም። ስለዚህ መጭመቂያ ማሽን ያለው ሰብሳቢ በቅርብ ፈልጉ። ካጣችሁ ቢያንስ ሰው ሃይላንዱን ረግጦ አጣጥፎ እንዲያመጣ ከመጀመሪያው ቀን አስለምዱት።

ቁራሌውን መግፋት

ቤት ለቤት እየዞረ ጀሪካንና ቆርቆሮ የሚገዛው ሰው ይህን ሥራ ከእናንተ በፊት ሲሠራው ኖሯል። እናቶች ቁራሌው ብር የሚሰጥበትን ጀሪካን ሳጥናችሁ ውስጥ በነፃ አይጥሉም። ወደ እናንተ የሚመጣው እሱ እምቢ ያለው ነው፤ ፌስታል፣ የተቀደደ ጫማ፣ ዘይት የነካው ካርቶን።

አንድ ሰፈር ቁራሌዎቹን በጥበቃ አስባረረ። ሌሊት መጥተው የሚፈልጉትን መርጠው ወሰዱ፣ የቀረውን ነፋስ በየቦዩ በተነው። ሌላ ሰፈር ያሉ ልጆች ግን ሚዛን አቁመው ከእነዚሁ ቁራሌዎች በኪሎ መግዛት ጀመሩ። ቁራሌው ሩቅ ከመሸከም ዳነ፣ ልጆቹም በየዓይነቱ የተለየ ዕቃ አገኙ። እስካሁን ይሠራሉ።

ሰው የማይቆምበት ሳጥን

ሳምንት ሳይሞላው የቆሻሻ ገንዳ ይሆናል። ሁልጊዜ ክፍት ከሚሆን ቅዳሜ ጠዋት ብቻ አንድ ሰው ቆሞ ቢረከብ ይሻላል።

ዳገቱን መርሳት

ደሴ ላይ ማዳበሪያ ሙሉ ፕላስቲክ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣላችሁ ሰው የለም። ሰው ወደ ገበያ ወይም ወደ ታክሲ ሲወርድ የሚያልፍበትን ቦታ ምረጡ። ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ደግሞ ከወንዙ ዳር ራቁ፤ የክረምት ጎርፍ የለቀማችሁትን ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ካርቶን በክረምት

ጣሪያ ከሌላችሁ ሐምሌና ነሐሴ ካርቶን አትቀበሉ። ሸራ ብቻውን አያድነውም፣ እርጥበቱ ከሥር ነው የሚገባው። ከመሬት ከፍ የሚያደርግ ጣውላ አንጥፉ። የራሰ ካርቶን ይሻግታል፣ ገዢም ዞር ብሎ አያየውም።

«ያላችሁን ሁሉ አምጡ» ማለት

አትበሉ። በሁለት ወይም በሦስት ዓይነት ጀምሩ፦ ሃይላንድ፣ ጀሪካን፣ ካርቶን። የሃይላንዱ ክዳን ከጠርሙሱ የተለየ ፕላስቲክ ነውና ለብቻው ይቀመጥ። የሚጠራጠር ካለ ከሁለቱም ቁራጭ ወስዶ ውኃ ውስጥ ይክተት፤ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ጠርሙሱ ይሰምጣል። የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ በሱቆች በኩል የሚመለስበት መንገድ ስላለው አትድከሙበት። የተሰበረ ጠርሙስ ይቅርባችሁ።

መርፌና ባትሪ በፍጹም እንዳይገባ። ስትለይ የነበረች አንዲት እህታችንን ማዳበሪያ ውስጥ የነበረ መርፌ ወጋትና ለምርመራ ስትመላለስ ከረመች። ያለ ወፍራም ጓንት ማንንም መለየት ላይ አታሰማሩ።

የፀረ ተባይ ጀሪካንም እንደዚሁ ነው። በገበያ ቀን ከገጠር ሲመጣ ንጹሕ መስሎ ይታያል፤ ታጥቦም መርዙ አይለቅም። ከሌላው ከተቀላቀለ ማግስቱን አንዱ ቤት የውኃ መቅጃ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ የሚረከበው ልጅ ምልክቱን ያንብብ፣ ከማሽተት ይልቅ ምን እንደነበረበት ይጠይቅ። ያመጣው ሰው በግልጽ ካልመለሰ ጀሪካኑን አይቀበል።