የቤት ዋይፋይን ለሰፈሩ ሁሉ የሚከፍቱ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ የሰው ዋይፋይ የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ ሃከር አይደለም። አምና ሰርቪስ ቤቱን ተከራይቶ የነበረ የፖሊ ተማሪ ነው። ከአጥር ማዶ ያለው ጎረቤት ነው። ቡና ሊጠጣ መጥቶ ፓስወርድ የተነገረው እንግዳ ነው። የሚጎዳው ደግሞ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። በመስመሩ ጥፋት ቢሠራ፣ ዱካው የሚያደርሰው ውሉ ላይ ወዳለው ስም ነው።

ስልክ ቁጥርን ፓስወርድ ማድረግ

ይሄ በጣም የተለመደ ነው። አይረሳም፤ አሥር አሃዝ ስለሆነ ጠንካራም ይመስላል። ግን መጀመሪያው 09 ወይም 07 መሆኑን ማን ያጣዋል? የሚቀሩት ስምንት አሃዞች ናቸው። ለእያንዳንዱ መነሻ 100 ሚሊዮን አማራጭ ማለት ነው። ይሄ ብዙ የሚመስለው በእጅ እየጻፈ ለሚሞክር ሰው ነው። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ስልክዎና ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ዕቃ) ሲገናኙ የሚለዋወጡትን መልእክት ደጅ ቆሞ ይቀዳል። ከዚያ ቤቱ ሄዶ በራሱ ኮምፒውተር ይገምታል። ራውተሩ ምንም አያውቅም፤ ሙከራ በዛ ብሎም አይቆልፈውም። ጥሩ የጌም ኮምፒውተር በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ግምቶችን ስለሚሞክር፣ 100 ሚሊዮኑ በደቂቃዎች ያልቃል። ጎረቤትዎ ይሄ ሁሉ አያስፈልገውም። ቁጥርዎን ስልኩ ላይ መዝግቦታል።

ፓስወርዱ ከ8 እስከ 63 ፊደልና ቁጥር መያዝ ይችላል። የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላትን በላቲን ፊደል አያይዘው ይጻፉ። ታንኳ፣ ምጣድ፣ ሐሙስ፣ ጉማሬ፣ ቀበቶ እንደማለት። እነዚህን አምስቱን ግን አይውሰዱ፤ አሁን ሁላችንም አውቀናቸዋል።

አንዴ የሰጡትን ፓስወርድ ለዘላለም መተው

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ መደበኛ መስመሩ የሠራለት ሰው ፓስወርዱን ለስንቱ አደለ። ደግ ሥራ ነበር። በብዙ ቤት ግን ያ ፓስወርድ ዛሬም አልተቀየረም። ለአንድ ሰው መስጠት ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት አይደለም። አንድሮይድ 10 ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ አንድሮይድ ያለው ስልክ አንዴ ከገባ፣ ፓስወርዱን በኪውአር ኮድ ለሌላ ማሳየት ይችላል። የገቡበትን ዋይፋይ ፓስወርድ ለማያውቁት ሕዝብ የሚያካፍሉ አፕሊኬሽኖችም አሉ።

«ፓስወርድ ስጠኝ» የሚልን ጎረቤት እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ። ለዚህ መፍትሔው ጌስት ኔትወርክ (Guest፣ ለእንግዳ የሚለይ ዋይፋይ) ነው። ብዙ ራውተሮች አላቸው። የራሱ ስምና ፓስወርድ ይኖረዋል። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፣ የእርስዎን ኮምፒውተርና ቲቪ ግን አያይም። ተከራይ ቤት በለቀቀ ቁጥር የጌስቱን ብቻ መቀየር ነው፤ የቤተሰቡ ስልኮች አይነኩም። ማንንም ማስቀየም የለም።

ዋይፋዩን ቆልፎ ራውተሩን ክፍት መተው

ሁለት ፓስወርድ እንዳለ ብዙ ሰው ልብ አይልም። አንዱ ኢንተርኔት የሚያስገባው ነው። ሌላው የራውተሩን ሴቲንግ የሚከፍተው ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ እንደመጣ፣ «አድሚን» ተብሎ ወይም ከታች የተለጠፈው ወረቀት ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። ገጣሚው ባለሙያ መስመሩን አስጀምሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም። ስለዚህ ዋይፋዩ ውስጥ የገባ ማንም ሰው ብሮውዘሩ ላይ 192.168.1.1 ወይም ወረቀቱ ላይ ያለውን አድራሻ ጽፎ ገብቶ የፈለገውን ይለውጣል። እርስዎን ራስዎን ቆልፎ ሊያስወጣዎትም ይችላል። ቀይረው ደብተር ላይ ይጻፉት። እቤት ያለ ደብተር ላይ መጻፍ ነውር የለውም።

እዚያው ሴቲንግ ውስጥ ሳሉ ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚለውን ያጥፉ፤ ፓስወርድ ሳይጻፍ ስልክን ከራውተር የሚያገናኝ ነው። ስምንት አሃዝ ያለው ፒን አለው፤ ራውተሩ ግን በሁለት ከፍሎ ነው የሚያረጋግጠው። የመጨረሻው አሃዝም ከሌሎቹ የሚሰላ ነው። በዚህ የተነሳ ከ11 ሺህ በማይበልጥ ሙከራ እንደሚገኝ በ2011 እ.ኤ.አ. ታውቋል። የምስጠራው ዓይነት (የዋይፋዩ መልእክት የሚቆለፍበት መንገድ) ላይ ደብሊውፒኤ 3 (WPA3) ካለ እሱን፣ ከሌለ ደብሊውፒኤ 2 (WPA2) ይምረጡ። ዌፕ (WEP) የሚለው አሮጌው ዓይነት ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሰበረ ነው። ከሱ ሌላ ምርጫ የሌለው ራውተር ካለዎት ይጣሉት።

ስም መደበቅ

የዋይፋዩን ስም ደብቆ ተኝቶ የሚያድር ሰው አለ። ስሙ አይታይም እንጂ ሞገዱ አለ፤ ነፃ አፕሊኬሽኖች ያገኙታል። ይባስ ብሎ ስልክዎ የተደበቀውን ስም እየጠራ ሊፈልገው ይችላል፤ ከፔዳ እስከ ዓባይ ማዶ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር። ስሙን አይደብቁት፤ የአባወራውን ስምና የቤት ቁጥር ግን አይጻፉበት። በስልክ መለያ ቁጥር (ማክ አድራሻ በሚባለው፤ ስልክ ቁጥሩ አይደለም) መገደብም ያው ነው፤ መለያው ይቀዳል። አዳዲስ ስልኮችም መለያቸውን ስለሚቀያይሩ ደጅ የሚቀረው የራስዎ ልጅ ይሆናል።

ማን እንዳለ አለማየት

የራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር አለ። አልፎ አልፎ ይክፈቱት። የማያውቁት ቴክኖ ወይም ሳምሰንግ ቢያዩ ጎረቤት ላይ ለመጮህ አይቸኩሉ። መጀመሪያ እቤት ያለውን ሰው ሁሉ ይጠይቁ። ባለቤት ካልተገኘለት ፓስወርዱን ይቀይሩ፤ ሁሉም ይወጣል፤ መልሰው የሚያስገቡት እርስዎ ነዎት።