ሕዝብ አብዝቶ የሚያውቀው የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ የትኛው ነው? በጅማ ከተማ ጠይቆ ለማወቅ የሚረዳ መመሪያ

በጅማ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ተራቸውን እየጠበቁ የሚቀመጡ ወጣቶች «ከጌም ገጸ ባሕርያት ሁሉ የታወቀው ማን ነው?» የሚለውን ክርክር ሲያነሡ፣ ግራንድ ቴፍት አውቶን አብዝቶ የተጫወተው ሲጄን፣ ጎድ ኦፍ ዋርን የጨረሰው ክሬቶስን፣ ሞርታል ኮምባትን የሚወደው ደግሞ ስኮርፒዮንን ይጠራል። እያንዳንዱ የሚመልሰው ከሚወደው ጨዋታ ተነሥቶ ነው። እኔ ግን «የታወቀ» የሚለው ቃል የሚገባው ጆይስቲክ ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ መልኩን አይቶ ለሚለየው ገጸ ባሕርይ ነው ብዬ አምናለሁ። በህርማታ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ እናት ወይም በአጂፕ አካባቢ ተሳፋሪ የሚጠብቅ የባጃጅ ሾፌር ሥዕሉን አይተው «ይህንንስ አውቀዋለሁ» ካሉ፣ ያ ገጸ ባሕርይ ከጨዋታው ወጥቶ ሕዝብ ዘንድ ደርሷል ማለት ነው። ይህንን በክርክር መፍታት አይቻልም፤ ጠይቆ መቁጠር ግን ይቻላል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሆነው፣ የገጸ ባሕርያት ሥዕል የታተመባቸው ጥቂት ካርዶችና አንድ ደብተር ይዘው፣ በሁለት ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በአንድ የገበያ ቀን ሊፈጽሙት የሚችሉት ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ሕዝብ» ማለት ማን እንደሆነ ይወስኑ። በአሜሪካ የታዋቂዎችን ዕውቅና የሚለካው ዴቪ ብራውን ኢንዴክስ ፓክማንን ከሸማቾች 94 በመቶው እንደሚያውቁት አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 በዚያው አገር የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ማሪዮ በሕፃናት ዘንድ ከሚኪ ማውስ ይበልጥ እንደሚታወቅ አመልክቷል። ሁለቱ ውጤቶች እርስ በርስ አይጣሉም፤ አንዱ ሸማቾችን፣ ሌላው ሕፃናትን የጠየቀ በመሆኑ የየራሳቸውን ጥያቄ መልሰዋል። ስለ ጅማ ግን ሁለቱም የሚነግሩን ነገር የለም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሞክር ከአንድ ጌም ቤት በር ላይ ቆሜ ወጪ ገቢውን ብቻ ጠይቄ ነበር። ያገኘሁት የተጫዋቾችን ዕውቀት እንጂ የከተማዋን ስላልነበረ፣ ወረቀቱን ሁሉ ትቼ እንደገና መጀመር ግድ ሆነብኝ። ስለዚህ ከሚጠየቁት መካከል ግማሹ ሴቶች፣ ግማሹ ወንዶች እንዲሆኑ፣ በዕድሜም ከ18 ዓመት በታች የሆኑት፣ ወጣቶቹና ከ40 ዓመት በላይ ያሉት በተመጣጠነ ቁጥር እንዲገቡ አስቀድመው በደብተሩ ላይ ቦታ ይከፋፍሉ።

ካርድ የሚወጣላቸውን መምረጥ ቀጣዩ ሥራ ሲሆን፣ አብዛኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ገጸ ባሕርያት ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠያቂው ይሰለቻል። እኔ የምመርጣቸው ማሪዮን፣ ፓክማንን፣ ሶኒክን፣ ፒካቹን፣ ላራ ክሮፍትን፣ ሲጄን፣ ክሬቶስን፣ ስኮርፒዮንን፣ የአንግሪ በርድስን ቀይ ወፍ፣ የሳብዌይ ሰርፈርሱን ጄክ፣ ቶኪንግ ቶምንና የማይንክራፍቱን ስቲቭ ነው። እግር ኳስ በጌም ቤቶቻችን እጅግ የሚዘወተር ጨዋታ ቢሆንም ከዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ በፊፋ ጨዋታ ውስጥ የሚታየው ሜሲ ወይም ሮናልዶ ነውና፣ ሰው የሚያውቀው ሜዳ ላይ ያለውን ተጫዋች እንጂ ጨዋታው የፈጠረውን ሰው አይደለም። ቴትሪስም በዓለም እጅግ ከተሸጡት ጨዋታዎች አንዱ ሆኖ ሳለ ገጸ ባሕርይ የለውም። የጨዋታ መወደድና የገጸ ባሕርይ መታወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከነዚህ ሁለቱ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ማሪዮ በዝርዝሩ ራስ ላይ መቀመጡ ያለ ምክንያት አይደለም። በጃፓን ኪዮቶ የሚገኘው የኒንቴንዶ ጌም ኩባንያ ባለሙያ ሺገሩ ሚያሞቶ እ.ኤ.አ. በ1981 (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዶንኪ ኮንግ ለተባለው ጨዋታ ሲሥለው ስሙ ገና ጃምፕማን ነበር። የዘመኑ ማሽን ለሥዕል የሚፈቅደው ነጥብ (ፒክሰል) እጅግ ጥቂት በመሆኑ ፀጉር ከመሣል ይልቅ ኮፍያ ደፋለት፤ አፍንጫው ከፊቱ ተለይቶ እንዲታይ ጢም ጨመረለት፤ ሲሮጥ የክንዱ እንቅስቃሴ እንዲለይም ከሸሚዙ የተለየ ቀለም ያለው የሥራ ቱታ አለበሰው። በችግር ምክንያት የተደረገው ይህ ሁሉ ከሩቅ የሚለይ መልክ ሰጠው። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ መዝጊያ ላይ የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ የማሪዮን ልብስ ለብሰው ብቅ አሉ፤ የ2023ቱ ፊልም ደግሞ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ጨዋታውን ያልተጫወተ ሰው በፊልሙ፣ ፊልሙን ያላየ ደግሞ ከሰልባጅ በገዛው የልጅ ቲሸርት ላይ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህም ሲጠይቁ «የት አዩት?» የሚለው ከስሙ ባልተናነሰ አስፈላጊ ነው።

የፓክማን ነገር ከዚህ ይለያል። ቶሩ ኢዋታኒ በናምኮ ኩባንያ በ1980 ያወጣው ይህ ገጸ ባሕርይ አፉን የከፈተ ቢጫ ክብ ብቻ ስለሆነ፣ ለማያውቀው ሰው ቁራጩ የተነሣለት ድፎ ዳቦ ሊመስል ይችላል። በካርዱ ላይ ብቻውን ከታተመ ብዙ ሰው «ሥዕል ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ከፊቱ በጨዋታው የሚበላቸው ነጥቦች ቢደረደሩና የሚያሳድደው አንድ የሙት መንፈስ ቢታከል ግን የሚያውቀው ወዲያውኑ ያስታውሳል። ይህ ለሌሎቹ ያልተሰጠ ዕርዳታ በመሆኑ፣ እኔ ብቻውን እንዲታተም እመክራለሁ።

የትኛው ሥዕል ይታተም የሚለው ጥያቄ ለሌሎቹም ይነሣል። ላራ ክሮፍት በ1996 ስትወጣ ማዕዘን የበዛባት ሥዕል ነበረች፤ በ2001 በተሠራው ፊልም ግን አንጀሊና ጆሊ ሆና ታየች። የፊልሙን ሥዕል ያሳዩት ሰው «አውቃታለሁ» ቢል ተዋናይቷን ይሁን ላራን ማወቁን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ የጨዋታውን ሥዕል ይጠቀሙ። ሴጋ የተባለው የጌም ኩባንያ በ1991 ማሪዮን እንዲፎካከር ያወጣው ሶኒክም ቢሆን፣ በ2019 በቀረበው የፊልም ማስታወቂያ ላይ መልኩ ተለውጦ በመታየቱ ተመልካቹ ተቃውሞ አሰምቶ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ፊልሙ በ2020 ከመውጣቱ በፊት እንደገና ሠርተውታል። ከሚታወቅ መልክ ላይ ጥቂት ቢነካ እንኳ ሰው ምን ያህል እንደሚረበሽ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሌላው በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር ደግሞ አለ። ሳብዌይ ሰርፈርስን የሚጫወት ሰው ጄክ በባቡር ሐዲድ ላይ ሲሮጥ በአብዛኛው የሚያየው ጀርባውን ነው፤ ሲጄም እንዲሁ ከኋላ እየታየ ነው የሚነዳውና የሚራመደው። ከፊት የተነሣውን ሥዕል ብቻ ያሳዩት ሕፃን በየቀኑ የሚጫወትበትን ልጅ ላያውቀው ይችላል። ለእነዚህ ሁለቱ ካርዱ ከፊትም ከኋላም የሚያሳይ ሁለት ሥዕል ቢይዝ ፍትሐዊ ይሆናል።

በእነዚህ አሥራ ሁለቱ ላይ ሁለት ማጣሪያ ካርዶች ይጨምሩ። አንደኛው ከጌም ያልመጣ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ለምሳሌ የቶም ኤንድ ጄሪው አይጥ ይሁን፤ ሁለተኛው እርስዎ ራስዎ የሣሉት፣ የትም ታይቶ የማያውቅ ፍጡር ይሁን። በአገራችን እንግዳን በ«አላውቅም» መመለስ የሚከብደው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ያልነበረውን ፍጡር «አውቀዋለሁ» ያሉት ስንት እንደሆኑ ማወቅ የሌሎቹን መልሶች ክብደት ለመመዘን ይረዳል። ካርዶቹን ሁሉ በአንድ መጠን፣ በነጭ መደብ ላይ፣ ያለ ምንም ጽሑፍ በቀለም ያሳትሙ። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ርካሽ ቢሆንም የፒካቹን ቢጫና የሶኒክን ሰማያዊ ስለሚያጠፋ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በክረምት የሚሠሩ ከሆነ የጅማ ዝናብ ወረቀት አይምርምና ላሚኔት ማድረግዎን አይርሱ።

ለመጠየቂያ ከአንድ ቦታ ይልቅ አራት ቦታ ይሻላል። ህርማታ ሐሙስ በገበያው ቀን ከዙሪያ ገጠሮች የሚመጣውን ሰው ያስገኛል፤ ፈረንጅ አራዳ ነጋዴውንና መንገደኛውን፣ የዩኒቨርሲቲው በር ከየክልሉ የመጣውን ተማሪ፣ እንደ መንቲና ያለ ሰፈር ደግሞ በቤት የሚውሉትን እናቶችና አረጋውያን ያገናኛል። የሚቀርብዎትን ሰው እንዳይመርጡ፣ በፊትዎ ከሚያልፉት አምስተኛውን ሰው መጠየቅን ደንብ ያድርጉት፤ እምቢ ካለ ቀጥሎ ያለውን አምስተኛ ይጠብቁ። ከቡድኑ ቢያንስ አንዱ አፋን ኦሮሞ አቀላጥፎ የሚናገር ይሁን፤ ጥያቄውም ተጠያቂው በሚመርጠው ቋንቋ ይቅረብ። በማይመቸው ቋንቋ የተጠየቀ ሰው ገጸ ባሕርዩን ቢያውቀውም አጭር መልስ ሰጥቶ መሄድ ይቀናዋል።

አቀራረቡ እንደ ሰውዬው ይሁን። ጠና ያሉትን «ጋሼ»፣ «እትዬ»፣ በዕድሜ የገፉትን «አባባ»፣ «እማማ» ብለው ሰላምታ ካቀረቡ በኋላ ምን እንደሚሠሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዱ፤ ስም እንደማይጻፍም ይንገሯቸው። ደንበኛ የሚያስተናግድን ሰው አያቋርጡ። ቡና ተፈልቶ ሰው በተቀመጠበት ቤት ከተጠሩ ግን ከሁሉ የተሻለ ዕድል አግኝተዋል፤ ብቻ ተጠያቂው አንድ እንዲሆን፣ ሌሎቹ እየተቀባበሉ እንዳይመልሱለት በትሕትና ያሳስቡ። ሕፃናትን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳይፈቅድ አይጠይቁ፤ በትምህርት ቤት ከሆነም አስቀድሞ ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል።

ካርዱን ከማሳየትዎ በፊት «ከቪዲዮ ጌም ውስጥ የሚያስታውሱት ሰው ወይም ፍጡር አለ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን እንዳለ ይጻፉ። ካርዱ ከታየ በኋላ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ዋጋ የለውም። ከዚያም ካርዶቹን ለእያንዳንዱ ሰው በውዘው አንድ በአንድ ያሳዩ፤ በእያንዳንዱ ላይም ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ አይተውት ያውቃሉ? ስሙን ያውቃሉ? የት አዩት? ስሙን ራስዎ ጠርተው «ይህ ማሪዮ አይደለም?» ማለት መልሱን ማበላሸት ነው። በመጨረሻ ተጠያቂው ጌም ይጫወት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ይህን ከመጀመሪያው ካስቀደሙት «እኔ አልጫወትም» ያለ ሰው ካርዱን በወጉ ሳያይ ሊያልፈው ይችላል።

መልሶቹ በደብተሩ ላይ ሲሰፍሩ በአራት ደረጃ ይከፈላሉ፤ ስሙን የጠራ፣ የጨዋታውን ስም የጠራ፣ ያለ ስም በትክክል የገለጸ፣ እና ያላወቀ። ይህ ክፍፍል ለጅማ ወሳኝ ነው። ፒካቹን አይቶ «ፖኪሞን» የሚል ሰው አውቆታል፤ የጠራው ግን በ1996 የተጀመረውንና በተከታታይ የካርቱን ፊልም የተስፋፋውን የጨዋታውን ስም ነው። ጄክን «የባቡሩ ልጅ»፣ ቶኪንግ ቶምን «የሰውን ቃል የምትደግመው ድመት» ያለችም እናት ልጇ ስልኳን ሲነካካ አይታ አውቃቸዋለችና፣ «ስም አልጠራችም» ተብላ ከማያውቁት ጋር ልትቆጠር አይገባም። የስልክ ጨዋታ ገጸ ባሕርያት በስም ብቻ ቢመዘኑ ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀመጣሉ፤ በመልክ ቢመዘኑ ግን በብዙ የከተማችን ቤቶች ስልክ የመጀመሪያው የጌም ማሽን ስለሆነ፣ ከማሪዮ ጋር እኩል ሊቆሙ ይችላሉ የሚል እምነት አለኝ።

ቆጠራው ሲደርስ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሁለት መቶኛ ያውጡ፤ አንዱ በመልክ ያወቁትን ሁሉ፣ ሌላው ስም የጠሩትን ብቻ የያዘ ይሁን። ከዚያም ጌም የማይጫወቱትን ለብቻቸው አውጥተው እንደገና ይቁጠሩ፤ የተነሣንበት ጥያቄ የሚመለሰው በዚህ ሦስተኛ ቁጥር ነው። 100 ሰው በዕጣ ተመርጦ ቢጠየቅ እንኳ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 ነጥብ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊሳሳት ይችላል፤ 400 ሰው ከተጠየቀ ስሕተቱ ወደ 5 ይወርዳል። የመንገድ ላይ ምርጫ ከዕጣ ያነሰ አስተማማኝ ስለሆነ፣ በ100 ሰው አንዱ 61፣ ሌላው 57 ቢያገኝ አንዱን አሸናፊ አድርገው አያውጁ፤ «ተቀራራቢ ናቸው» ብለው ይጻፉ። የፈጠሩትን ፍጡር «አውቀዋለሁ» ያሉት ከመቶ አሥር ከደረሱ ደግሞ፣ ከአሥር በመቶ ያላለፈ መታወቅ ያገኘ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ በሕዝብ ዘንድ ታውቋል ተብሎ አይጻፍ።

ውጤቱን ሲያቀርቡ ዓረፍተ ነገሩ «በጅማ ከተማ በአራት ቦታዎች ከጠየቅናቸው ሰዎች መካከል» ብሎ ይጀምር፤ ቀኑን፣ የተጠያቂውን ብዛት፣ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ የታተመው ሥዕል የትኛው እንደነበርም ያክሉበት። ካርዶቹን አንድ ላይ አስረው ከደብተሩ ጋር ያስቀምጧቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ቡድን እነዚያኑ ሥዕሎች ይዞ እነዚያኑ አራት ቦታዎች ሲጠይቅ፣ የማን መታወቅ እንደጨመረና የማን እንደቀነሰ ማነጻጸር የሚቻለው በዚህ መንገድ ነው።