የእንግሊዝንና የአሜሪካን የአራዳ ቃላት ሳያምታቱ እንዴት መልመድ ይቻላል

ብዙዎቻችን እንግሊዝኛን የለመድነው ቀላቅለን ነው። ከትምህርት ቤት የእንግሊዞቹን፣ ከፊልምና ከዘፈን የአሜሪካኖቹን እንይዛለን። አገር ቤት እስካለን ችግር የለውም። ለንደን ወይም ሜሪላንድ ገብተን ሥራ ስንጀምር ግን የተባለውን ቃል እናውቀዋለን፣ ሰውየው ሊል የፈለገው ሌላ ሆኖ ይገኛል። እኔ ለንደን ኖሬ ኋላ ወደ ሜሪላንድ ስለተሻገርኩ ሁለቱንም ሥራ ላይ ነው የለመድኳቸው። ይህን አዲስ ለሚመጡ ዘመዶቼም እነግራቸዋለሁ።

1. ከሰላምታው ጀምሩ

ለንደን ውስጥ ባልደረባችሁ በኮሪደር ሲያልፍ «ኦልራይት?» ይላችኋል። ጥያቄ ይምሰል እንጂ ሰላምታ ነው። የኛ «ደህና ነህ ወይ?» በ«እግዚአብሔር ይመስገን» ታልፎ ማንም ሕመሙን እንደማይዘረዝርበት፣ ይኼም «ኦልራይት» ተብሎ በዚያው ይመለሳል። አሜሪካ ውስጥ ግን እንዲህ የሚባለው ለወደቀ፣ ላለቀሰ ወይም ፊቱ ለገረጣ ሰው ነው። የለንደኑን ልማድ ይዛችሁ ሜሪላንድ ብትሉት «ምነው፣ ያመመኝ እመስላለሁ?» ትባላላችሁ። እዚያ «ዋትስ አፕ?» ይበቃል። «ቺርስ» ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ በር ለያዘላችሁ ሰው ምስጋና ነው፤ አሜሪካኖች ብርጭቆ ሲያጋጩ ነው የሚሉት።

2. ገንዘብና ሰዓት

ይህ ባንድ ቀን ያልቃል። ፓውንዱ ኩዊድ፣ አምስቱ ፋይቨር፣ አሥሩ ቴነር ነው፤ ዶላሩ ባክ ነው። «ፋይቭ ባክስ» ይባላል፣ «ፋይቭ ኩዊድስ» ግን አይባልም፤ ኩዊድ ሲበዛም ኩዊድ ነው። ግራንድ በሁለቱም አገር አንድ ሺህ ነው። እንግሊዞች «ሃፍ ሰቨን» ሲሏችሁ እንደኛው ሰባት ተኩል ማለታቸው ነው፤ አሜሪካዊ ግን ግራ ይገባዋልና «ሰቨን ሰርቲ» በሉት።

3. የምታውቋቸውን ቃላት ተጠራጠሩ

ጊዜ ስጡ የምለው እዚህ ላይ ነው። ጨርሶ የማታውቁትን ቃል ትጠይቃላችሁ፣ ይነገራችኋል። ችግር የሚያመጣው የምታውቁት የሚመስላችሁ ነው። «ፓንትስ» አሜሪካ ውስጥ ሱሪ፣ እንግሊዝ ውስጥ የውስጥ ሱሪ ነው። «ራበር» ለእንግሊዙ ተማሪ ላጲስ፣ ለአሜሪካዊው ኮንዶም ነው። «ፒስድ» እንግሊዝ ውስጥ ሰክሯል፣ አሜሪካ ውስጥ ተናዷል ማለት ነው፤ ስለ አለቃችሁ ስታወሩ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በሁለቱም አገር ጨዋ ቃል ስላልሆነ ሥራ ቦታ ባትሉት እመርጣለሁ። «ፋኒ» አሜሪካኖች ለልጅ እንኳ የሚሉት የመቀመጫ ስም ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ የሴት ብልት ነውረኛ መጠሪያ ነው። አሜሪካኖቹ ፋኒ ፓክ የሚሏትን የወገብ ቦርሳ ለንደን ሱቅ ስትገቡ በም ባግ በሉ።

ከሁሉ የምታስፈራኝ «ፋግ» ናት። እንግሊዞች ሲጋራን በዚህ ስም ይጠራሉ። አሜሪካ ውስጥ ግብረ ሰዶማውያንን የሚዘልፍ ከባድ ስድብ ነው፤ ሰውን ያቆስላል፣ ሥራም ሊያሳጣ ይችላል። ለንደን ውስጥም ቢሆን «ሲጋሬት» ማለትን ልመዱ፤ አፍ የለመደው ነገር ባሕር ሲሻገሩ ቶሎ አይለቅም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ጦር ሚኒስቴር ወደ እንግሊዝ ለሚሄዱ ወታደሮቹ ባዘጋጀው ትንሽ መጽሐፍ ላይ ስለ «በም» አስጠንቅቋቸው ነበር፤ ለአሜሪካዊው ሥራ ፈት ጎስቋላ ማለት ሲሆን ለእንግሊዙ ግን መቀመጫ ነው።

እስካሁን ያልናቸው ቢያንስ ያጋልጣሉ፤ ሰሚው ይስቃል ወይም ይደነግጣል፣ እናንተም ትታረማላችሁ። «ኩዋይት» ግን ማንም ሳያርማችሁ ለዓመታት ልታሳስታችሁ ትችላለች። አሜሪካዊ አለቃ ሥራችሁን አይቶ «ኩዋይት ጉድ» ካለ በጣም ወዶታል። እንግሊዛዊው ያንኑ ሲል አብዛኛውን ጊዜ «ምንም አይልም፣ የሚቀረው ግን አለ» ማለቱ ነው። ደስ ብሏችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ምን ላሻሽል ብላችሁ ጠይቁት፤ ዝርዝሩ ያኔ ይመጣል።

4. ደብተር ያዙ፣ ግን ትርጉም ብቻ አትጻፉበት

ቃሉን፣ ማን ለማን እንዳለው፣ ሰሚው ምን እንደመለሰ ጻፉ። ስልክ ላይ የሚዞሩትን «መቶ የአራዳ ቃላት» አልወዳቸውም፤ ሽማግሌ የሚለውንና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የሚለውን አንድ ላይ ይከምራሉ። የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ይገኛል፤ ቃሉ የእንግሊዝ ይሁን የአሜሪካ፣ ጨዋ ይሁን ባለጌ ምልክት ያደርግበታል።

አባባሎቹን ለመያዝ ደግሞ ጨዋታቸውን እዩ። አሜሪካኖች ብዙውን የወሰዱት ከቤዝቦል ነው። «ሬይን ቼክ» ዝናብ ጨዋታ ሲያቋርጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን እንዲገባበት የሚሰጠው ወረቀት ነበር፤ ዛሬ ግብዣ ላይ «ለሌላ ጊዜ ይሁንልኝ» ማለት ሆኗል። «ቦልፓርክ» የተባለ ዋጋ ግምት ነው፣ ቁርጥ አይደለም፤ ቤት የምታሳድሱ ልብ በሉ። እንግሊዞች ከክሪኬት ነው የቀዱት፦ «ስቲኪ ዊኬት» ላይ ያለ ሰው ጭንቅ ውስጥ ነው።

5. ምን ያህሉን ከአፋችሁ እንደምታወጡ ወስኑ

ለንደን ያደጉ ልጆቻችን «ብሩቭ» (ወንድሜ)፣ «ኢኒት» (አይደል?) ይላሉ፤ «ቤር» ሲሉ ብዙ፣ «ፒክ» ሲሉ ያሳዝናል ማለታቸው ነው። ይህ አነጋገር ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን አገሮች በመጡ ቤተሰቦች ንግግር ብዙ የተቀረጸ የከተማው ወጣቶች ቋንቋ ነው። ወላጅ ሊሰማውና ሊገባው ይገባል፤ ለአለቃ ወይም ለሥራ ቃለ መጠይቅ ግን አይሆንም። «ብለዲ»ም ለንደን ውስጥ በየደቂቃው ስለተሰማ ብቻ ስድብነቱ አልቀረም።

ሳልሳሳ የምመክራት የአሜሪካ ደቡቦች «ያል» ናት። መደበኛው እንግሊዝኛ አንተንና እናንተን በአንድ «ዩ» ያጠቃልላል፤ እነሱ ግን ለብዙ ሰው «ያል» ይላሉ። አትላንታ ወይም ዳላስ ከሆናችሁ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በሏት፣ ማንም አይከፋበትም።