ከዲጂታል ማርኬቲንግ ኮርስ የተማሩትን መለስ ብሎ እንዴት መጻፍ ይቻላል

በኮሌጅ የሚሰጥ የዲጂታል ማርኬቲንግ ኮርስ ሲጠናቀቅ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚታዘዙት የመጨረሻ ሥራ ከኮርሱ ያገኙትን ትምህርት መለስ ብለው እንዲመረምሩና እንዲጽፉ ነው። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ለመጨረሻው ሌሊት ይተዋል፤ ውጤቱም በአብዛኛው የምዕራፎች ዝርዝር ይሆናል፦ ስለ ኤስኢኦ (ድረ ገጽ በፍለጋ ውጤት ላይ ጎልቶ እንዲታይ ስለማድረግ) ተምሬአለሁ፣ ስለ ኢሜይል ማርኬቲንግ ተምሬአለሁ፣ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ ማስታወቂያ ተምሬአለሁ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የኮርሱን መግለጫ ከመገልበጥ አያልፍም። መምህሩ ምን እንዳስተማረ ያውቃል፤ የማያውቀው ያ ትምህርት በእርስዎ አስተሳሰብ ውስጥ ምን እንደለወጠ ነው። ስለዚህ የጽሑፉ መነሻ ውሳኔ መሆን አለበት፤ ይኸውም በኮርሱ ሂደት ራስዎ የወሰኑት፣ ከዚያም ውጤቱ ያጸናልዎት አለዚያም ያፈረሰብዎት አንድ የታወቀ ውሳኔ ነው።

አንድም ዓረፍተ ነገር ከመጻፍዎ በፊት ማስረጃ ይሰብስቡ። የመጀመሪያዎቹን የዘመቻ ዕቅዶች፣ የተጣሉ የማስታወቂያ ጽሑፎችን፣ የመምህሩን እርማቶች፣ ከቡድን አባላት ጋር የተለዋወጧቸውን መልእክቶችና የዳሽቦርድ (የዘመቻው ቁጥሮች በአንድ ላይ የሚታዩበት ገጽ) ሪፖርቶችን በአንድ ፎልደር ያኑሩ። ይህን አጥብቄ የምመክረው የሰው ትውስታ ለባለቤቱ ስለሚያደላ ነው፤ ውጤቱን ካወቅን በኋላ ከመጀመሪያውም ስንጠብቀው የነበረ ይመስለናል፣ በኮርሱ ማብቂያ ላይ የገባንንም ነገር ገና በሁለተኛው ሳምንት እናውቀው እንደነበር እናስባለን። ያን ጊዜ የጻፉት ዕቅድ ግን የነበረዎትን ግምት ሳይለውጥ ይዞ ይጠብቅዎታል። በኮርሱ በኩል የተከፈቱ የማስታወቂያና የአናሊቲክስ (የጎብኚዎችን ድርጊት የሚቆጥሩ) አካውንቶች ሴሚስተሩ ሲያልቅ ሊዘጉ ስለሚችሉ ሪፖርቶቹን ቀድመው ያውርዱ፤ ሲያወርዱም የሰዎችን ስም፣ ኢሜይልና ስልክ ቁጥር የያዙ ሰነዶችን ይተዉ፤ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ድምር ቁጥር ብቻ ነው።

ከተሰበሰበው ውስጥ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ውሳኔ ይምረጡ። ለመምረጥ የሚረዳው ጥያቄ «ግምቴና ውጤቱ የተለያዩት የት ላይ ነበር?» የሚለው ነው። ልዩነቱ በመልካም በኩልም ሊሆን ይችላል፤ ይሳካል ብለው ያልጠበቁት ነገር ተሳክቶ ከሆነ፣ ምክንያቱን አለማወቅዎ ራሱ ሊመረመር ይገባዋል።

ነገሩን በምሳሌ ልግለጸው። አንድ ተማሪ ለነፃ የኦንላይን ሥልጠና ተመዝጋቢ ለማግኘት ሁለት ማስታወቂያዎችን አወዳደረ እንበል። እያንዳንዳቸው 10,000 ጊዜ ታዩ። ጉጉት የሚቀሰቅስ ርዕስ የያዘው የመጀመሪያው 200 ጠቅታ አገኘ፤ የጠቅታ ምጣኔው 2 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የሥልጠናውን ይዘትና የሚወስደውን ጊዜ በግልጽ የሚናገረው ሁለተኛው ያገኘው 90 ጠቅታ፣ ማለትም 0.9 በመቶ ብቻ ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን አሸናፊ ብሎ ሪፖርት አቀረበ። ቆይቶ ምዝገባውን ሲቆጥር ግን ከ200ዎቹ የተመዘገቡት 4 ሰዎች ሲሆኑ ከ90ዎቹ የተመዘገቡት 9 ሆነው አገኛቸው። ክፍያው በጠቅታ ከሆነና የአንዱ ጠቅታ ዋጋ በሁለቱም እኩል ከሆነ፣ በመጀመሪያው ማስታወቂያ አንድ ተመዝጋቢ ለማግኘት የ50 ጠቅታ ዋጋ ይከፈላል፤ በሁለተኛው የ10 ጠቅታ ብቻ ይበቃል።

እዚህ ላይ ደካማው ጽሑፍ «ጠቅታ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ተማርኩ» ብሎ ያልፋል። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ማንም ሰው ኮርሱን ሳይወስድ ሊጽፈው ይችላል። ጠንካራው ጽሑፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ተማሪው መጀመሪያውኑ ለምን በጠቅታ እንደፈረደ ይጠይቃል። ምናልባት ዳሽቦርዱ ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየው ቁጥር እሱ ስለነበረ ይሆናል፤ ምናልባትም ምዝገባ የሚቆጥረውን ኮድ በማረፊያ ገጹ (ማስታወቂያውን የጫነ ሰው በሚደርስበት ገጽ) ላይ ሳያስገባ ዘመቻውን ስለጀመረ በጊዜው የሚያየው ሌላ ቁጥር አልነበረውም። ሁለቱ ምክንያቶች የሚያስተምሩት ለየቅል ነው፤ የፊተኛው ስለ ትኩረት፣ የኋለኛው ስለ ዝግጅት። ከዚህም በላይ 4 እና 9 ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው፤ ጥቂት ሰዎች በዚያ ቀን ሐሳባቸውን ቢለውጡ ኖሮ ስሌቱ ሌላ መልክ ሊይዝ ይችል ነበር። ስለዚህ ሁለተኛው ማስታወቂያ አምስት እጥፍ ይሻላል ብሎ መደምደም፣ በቂ ባልሆነ ቁጥር የመፍረድን ስሕተት እንደገና መሥራት ይሆናል። ውጤቱ ሁለተኛውን እንደሚደግፍ ገልጦ፣ ለማረጋገጥ ግን ብዙ ምዝገባ የሚገኝበት ሌላ ሙከራ እንደሚያስፈልግ የሚጽፍ ተማሪ ስለ ኤ/ቢ ሙከራ (ሁለት አማራጮችን ጎን ለጎን ስለማወዳደር) የተማረው በእርግጥ ገብቶታል እላለሁ።

ለአወቃቀሩ ብዙ ኮሌጆች ግርሃም ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበውን ከልምድ የመማር ዑደት ይጠቀማሉ። ዑደቱ ስድስት ደረጃዎች አሉት፦ የሆነውን መግለጽ፣ ስሜትን መናገር፣ መገምገም፣ መተንተን፣ መደምደም እና ለወደፊት ማቀድ። እንደ መቆጣጠሪያ ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ለስድስቱም እኩል ቦታ መስጠት ጽሑፉን ይጎዳዋል። ተማሪዎች የሚበዛውን ገጽ የሚያጠፉት በመጀመሪያው ደረጃ፣ የሆነውን በመተረክ ነው፤ እኔ ግን የሆነውን በአጭር አንቀጽ አሳጥሮ፣ ሰፊውን ቦታ ለትንተናው መተው ይሻላል ባይ ነኝ። ስሜትም ቢሆን ውሳኔውን የለወጠ እንደሆነ ብቻ ይግባ፤ ለምሳሌ የጠቅታው ብዛት ያስደሰተው ተማሪ በደስታው ምክንያት ምዝገባውን ሳያይ ሪፖርቱን አስገብቶ ከሆነ፣ ያ ደስታ የትንተናው አካል ነው።

በትንተናው ውስጥ ስለ መሣሪያዎቹ የተማሩትን ስለ አስተሳሰቡ ከተማሩት ይለዩ። በዚህ ሙያ መሣሪያ ቶሎ ይለወጣል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2000 አድዎርድስ ብሎ የጀመረው የማስታወቂያ አገልግሎት በ2018 ጉግል አድስ ተብሏል፤ የድረ ገጽ ጎብኚዎችን ይቆጥር በነበረው የጉግል መሣሪያ፣ በዩኒቨርሳል አናሊቲክስ የሚሠሩ መደበኛ አካውንቶች ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ አዲስ መረጃ መመዝገብ አቁመዋል። የቀድሞው አሠራር በጉብኝት ወይም በሴሽን ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የተተካው ጉግል አናሊቲክስ 4 እያንዳንዱን የጎብኚ ድርጊት እንደ ክስተት ይመዘግባል። የቀድሞውን ሪፖርት የት ተጭኖ እንደሚገኝ በቃሉ የያዘ ተማሪ ዕውቀቱ በአንድ ቀን አረጀበት፤ የትኛውን ድርጊት እንደሚቆጥርና ለምን እንደሚቆጥር የገባው ግን አዲሱን ገበታ ለመልመድ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይበቁታል። በጽሑፍዎ መሣሪያ ሲጠቅሱ በየጊዜው «ይህ መሣሪያ ነገ ቢጠፋ ከዚህ ዓረፍተ ነገር ምን ይቀራል?» ብለው ይጠይቁ።

ሥራው በቡድን የተሠራ ከሆነ «ወሰንን» እና «ወሰንኩ» የሚሉትን ቃላት አያደባልቁ። የራስዎን ድርሻ በልኩ ይግለጹ፤ የሌሎችንም ስሕተት ስም ሳይጠሩ፣ «እኔ ምን ባደርግ ኖሮ ይታረም ነበር?» በሚል በኩል ያንሡት።

የወደፊቱ ዕቅድ ብዙ ጽሑፎች የሚላሉበት ቦታ ነው። «ከእንግዲህ ለመረጃ የበለጠ ትኩረት እሰጣለሁ» የሚል ቃል መፈጸሙም አለመፈጸሙም ሊታወቅ አይችልም። በእሱ ፈንታ ሊፈተን የሚችል ነገር ይጻፉ፦ ማንኛውንም ዘመቻ ከመጀመሬ በፊት የምቆጥረውን ድርጊት በአንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፣ ቆጠራው መሥራቱን በራሴ የሙከራ ምዝገባ አረጋግጣለሁ፣ ስንት ምዝገባ ሳይሞላ ፍርድ እንደማልሰጥም አስቀድሜ እወስናለሁ። እንዲህ ያለው አንቀጽ አሳጥረውት ለሥራ ቃለ መጠይቅም ያገለግላል፤ ጠያቂዎች የወሰዱትን ኮርስ ከትምህርት ማስረጃዎ ላይ ያነቡታል፣ ከአንደበትዎ መስማት የሚፈልጉት ስሕተትዎን እንዴት እንዳገኙትና ምን እንዳደረጉበት ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ አብሮዎት ለተማረ ሰው ይስጡትና፣ ምንም ሳይለውጥ በራሱ ስም ሊያስገባቸው የሚችላቸውን ዓረፍተ ነገሮች እንዲያሰምርባቸው ይጠይቁት። የተሰመረባቸውን ይሰርዙ፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ደግሞ ወደ ሰበሰቡት ፎልደር ተመልሰው ከራስዎ ዕቅድና ቁጥር ይሙሉት።